ከመዝገብ የታጡ ስሞች፦ የዘር ቆጠራና የስደት ትምህርት ከላስታ ምድር



በእኛ አገር እንግዳ ሰው ስሙን ቢናገር አይበቃንም። «የማን ልጅ ነህ?» ብለን እንቀጥላለን። አባቱን፣ አያቱን፣ ካስፈለገም እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረን ወይ ዘመድ እናደርገዋለን፣ ወይ «አላወቅንህም» ብለን እናልፈዋለን። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ጥያቄ አብዝቶ ይጠይቃል። «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ ምዕራፍ ሙሉ የሚቆጥርበት ቦታ ብዙ ነው፤ እኛም ስናነብ እዚያ ስንደርስ ዓይናችን ይቸኩላል፣ እንዘለዋለን። ዛሬ ማታ ሳንዘል እንድናነበው እለምናችኋለሁ። ያንን የስም ዝርዝር ጠብቆ ያቆየልን አገሩን የተቀማ፣ ቤተ መቅደሱ የተቃጠለበት፣ በባዕድ ወንዝ ዳር የኖረ ስደተኛ ሕዝብ ነውና።

የምሟገትለትን ነገር ከወዲሁ ልናገር። በመጽሐፍ የትውልድ ሐረግ የሚቆጠረው የጠፋውን ለማስገባት ነው። ሰውን ለማስወጣት የተቆጠረ ጊዜ መጽሐፉ ከራሱ ጋር ሙግት ይገጥማል። ላስታም ይህን ሙግት በመንግሥት ታሪኳም፣ በተፈለፈለ ድንጋይዋም፣ በዛሬ ተፈናቃዮቿም የምታውቅ አገር ናት።

ከማቴዎስ ወንጌል እንነሣ። ወንጌላዊው ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ 14፣ ከምርኮው እስከ ክርስቶስ 14 ትውልድ ይቆጥራል። አብርሃም የእምነት አባት ነው፤ ዳዊት የመንግሥት አባት ነው። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ግን ሰው የለም፤ ምርኮ ነው ያለው። ቤተሰብ ዘሩን ሲያወራ የተዋረደበትን ዘመን መሸሸግ ልማዱ ነው። የተሸነፈው አያት «ጥንት ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ማቴዎስ ግን ስደቱን እንደ አንድ አባት ቆጥሮ ከዳዊት እኩል አቆመው።

በዚያው ሐረግ ውስጥ ሣራና ርብቃ አልተጠቀሱም። የተጠቀሱት ትዕማር፣ ረአብ፣ ሩትና የኦርዮ ሚስት ናቸው። ረአብ የኢያሪኮ ከነዓናዊት ናት፣ ሩት ደግሞ ሞዓባዊት። ማቴዎስ የንጉሥ ዘር ሲቆጥር ባዕዳኑን እናቶች ሊዘላቸው ይችል ነበር። አልዘለላቸውም።

ቀጥሎ ኢኮንያን ይመጣል፤ መጽሐፈ ነገሥት ዮአኪን የሚለው ማለት ነው። በ18 ዓመቱ ነገሠ፣ ሦስት ወር ገዛ፣ በ597 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ናቡከደነፆር ከነእናቱ ወደ ባቢሎን አጋዘው። ኤርምያስ በዚህ ንጉሥ ላይ የተናገረው ቃል ከባድ ነው፤ ልጅ እንደሌለው ሰው ተጽፎ ይቅር የሚል ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ የነገሥት መጽሐፍ የሚዘጋው ይኸው ሰው በተሰደደ በ37ኛው ዓመት ከወህኒ ወጥቶ በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ መቀመጡን በመተረክ ነው። ከባቢሎን ፍርስራሽ የወጡና እ.ኤ.አ. በ1939 የታተሙ የሸክላ ሰሌዳዎችም አሉ። ለይሁዳ ንጉሥና ለአምስት ልጆቹ ከቤተ መንግሥቱ ጎተራ የተሰፈረውን ዘይት ይመዘግባሉ። ያ የባቢሎን ጸሐፊ ሥራው ዘይት መስፈር ነበር፤ ሳያውቀው ግን «ልጅ አልባ» የተባለውን ሰው ልጆች ቆጠረለት። ከልጅ ልጆቹ አንዱ ዘሩባቤል ነው፤ ተመላሾቹን ወደ ኢየሩሳሌም የመራው እርሱ ነው። የተቋረጠ የመሰለው ሐረግ በስደት ቤት ሲቀጥል ቆይቷል።

ስደተኞቹስ እንዴት ኖሩ? ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከላቸው ደብዳቤ በምዕራፍ 29 አለ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተሰደዳችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። ጠላት ለሆነች ከተማ ጸልዩ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ምክሩን የተቀበሉ መኖራቸውን ደግሞ ሌሎች ሰሌዳዎች ይመሰክራሉ። በባቢሎን ገጠር «የይሁዳ ከተማ» የምትባል መንደር ነበረች። የመንደሯ ነዋሪዎች እርሻ ሲያርሱ፣ ግብር ሲከፍሉ፣ ሲበደሩና ሲያበድሩ የተጻፉ ውሎች ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2014 ታትመዋል። አገራቸውን የተነጠቁ ሰዎች አዲሱን ቀዬ በአገራቸው ስም ጠሩት።

እናንተ የላሊበላ ሰዎች የዮርዳኖስ ልጆች ናችሁና ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻችሁም። ከዚህ ከአዳራሻችን ወጥቶ ቁልቁል የወረደ ሰው የመጀመሪያውን የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ ከሁለተኛው የሚለየውን ጠባብ ቦይ ያገኛል፤ ስሙ ዮርዳኖስ ነው። ከአለቱ የተጠረበው መስቀል እዚያ ቆሟል። ከበላዩ ጎልጎታ አለ፤ ደብረ ሲና አለ፤ የአዳም መቃብር አለ። ማዶ ቤተ ልሔም አለ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ስያሜ ከ1187 ጋር ያያይዙታል፤ እ.ኤ.አ. በዚያ ዓመት ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን ያዘና የተሳላሚዎች መንገድ ነገር አሳሰበ ይላሉ። ምክንያቱ ይህም ይሁን ሌላ፣ የሆነው ነገር ከ«ይሁዳ ከተማ» ጋር አንድ ነው። ሩቅ ያለችውን ቅድስት አገር እየናፈቁ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ስሟን አምጥቶ በእጅ ከሚነካ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ሌላ ነገር ነው። ላስታ ሁለተኛውን መረጠች።

ይህን ያሠራው ንጉሥ ላሊበላ ራሱ ስደተኛ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ገድሉ እንደሚተርከው ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ነግሦ ሳለ ላሊበላ ይነግሣል የሚለው ወሬ ቤተ ሰቡን አመሰው። እኅቱ መርዝ አጠጣችው። ከሞት ተርፎ በዱር ተቀመጠ፣ መስቀል ክብራን አገባ፣ ኢየሩሳሌምንም አየ። የቤተ ሰብ ቅናት፣ ዱር፣ ሩቅ አገር፤ ይህን መንገድ የዮሴፍን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱን ታሪኮች በእውነት የሚያስተሳስራቸው ግን መጨረሻቸው ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን አልተበቀለም፤ መገባቸው። ላሊበላም ዙፋኑን ሲይዝ የወንድሙን ቤት አላጠፋም። የሐርቤ ልጅ ነአኵቶ ለአብ በአሳዳጁ ፈንታ በተሳዳጁ ቤት አደገ፤ በኋላም ነገሠ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የነአኵቶ ለአብ ዋሻ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበሉት የድንጋይ ገንዳዎች ዛሬም ጠበል ይሰጣሉ። ሕዝቡ ያንን ጠበል የሚጠጣው የአሳዳጅ ልጅ በስሙ ካቀናው ደብር ነው። የዘር ቂም በአንድ ትውልድ ሊቆም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንግባ። የላስታ ነገሥታት ዘር ተጠይቋል፤ የጠየቀውም ትልቅ መጽሐፍ ነው። ክብረ ነገሥት መጨረሻው ላይ ያለው ማስታወሻ እንደሚነግረን መጽሐፉ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በገብረ መስቀል፣ ማለት በላሊበላ ዘመን ነው። ወደ ግዕዝ የመለሰው ይስሐቅ የሠራው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ታዲያ ለምን በዚያን ጊዜ ወደ ግዕዝ አልተመለሰም ብሎ ይስሐቅ ራሱ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ መጽሐፉ እስራኤላዊ ያልሆነ ሰው ቢነግሥ ሕግ ተላልፏል ስለሚል በዛጔ፣ ማለት በላስታ ነገሥታት፣ ዘመን የሚተረጉመው አልተገኘም። የዛጔ ወገን ደግሞ የራሱ መልስ ነበረው፤ ዘራችን ከሙሴና ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ነው የሚል ትውፊት። በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ማርያምና አሮን ሙሴን ያሙት በዚያች ሴት ምክንያት ነበር። ማርያምም ለምጽ ወጣባት፤ ሰፈሩ ሁሉ እስክትነጻ ሰባት ቀን ሳይንቀሳቀስ ጠበቃት። የባዕድ ሚስት ያማች ሴት ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ የታማችው ግን በሰፈሩ ውስጥ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኵኖ አምላክ ነገሠና ክርክሩ በሥልጣን ተዘጋ። በሃይማኖት ግን አልተዘጋም። እስራኤላዊ አይደለም የተባለውን ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰኔ 12 ቀን ታከብረዋለች። ክብረ ነገሥትን የምታነበውም፣ የላሊበላን ገድል የምታነበውም ያችው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጧ ከብዙ ስብከት ይበልጥ ያስተምረኛል።

ዘርን ለማጥራት የሚደረግ ጥረት ባለቤቱንም አይምርም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በአምባሰል ግሸን አለ። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉበት ያ አምባ ለረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። የታሠሩት «እስራኤል» የተባሉት የንጉሥ ዘሮች ናቸው። ያለ ጥፋታቸው የታሠሩት ዘራቸው ትክክል ስለሆነ ነው። አንድ ሰው በዘሩ ምክንያት በገዛ አገሩ ስደተኛ የሆነበት እንግዳ ነገር ይህ ነው።

ወደ መጽሐፍ እንመለስና በጣም የምወደውን ክፍል ላውጣላችሁ፤ ዕዝራ ምዕራፍ 2። ከባቢሎን የተመለሰው ጉባኤ 42,360 ነው ይላል። በመካከላቸው 652 ሰዎች የአባቶቻቸውን ቤት ማስረዳት አልቻሉም፤ ግን ተቆጠሩ። ከካህናቱም ሦስት ቤቶች መዝገባቸውን ፈልገው አጡ። ክህነቱ ተከለከለባቸው፤ በኡሪምና በቱሚም የሚጠይቅ ካህን እስኪነሣ ከተቀደሰው እንዳይበሉ ታዘዙ።

ከሦስቱ አንዱ የቤርዜሊ ቤት ነው። ቤርዜሊ ማን ነበር? ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ዮርዳኖስን ሲሻገር ምንጣፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ ይዘው ከወጡለት አንዱ፣ ገለዓዳዊው ሽማግሌ ነው። የካህኑ አያት የእርሱን ልጅ አግብቶ በሚስቱ ቤት ስም ተጠራ። እንግዲህ አስቡት፤ ስደተኛ ንጉሥ ያበላ ቤት ስም የያዙ ልጆች ከስደት ሲመለሱ ስማችሁ የለም ተባሉ።

ሁለተኛው ቤት የአቆስ ነው። ወደ ነህምያ ምዕራፍ 3 ስንሻገር የአቆስ ልጅ፣ የኡርያ ልጅ ሜሪሞት የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲጠግን እናገኘዋለን። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ክፍልም ጨምሮ ጠግኗል። የቤቱ ስም ከመዝገብ ቢታጣም ቅጥሩ በዚያ ቤት እጅ ቆመ።

ዕዝራ በኋላ ባዕዳን ሚስቶች ይፈቱ ብሎ አዘዘ። ይህን ምዕራፍ ሳነብ ይከብደኛል፤ ሊከብደንም ይገባል። እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ሩት አለች። አንዱ መጽሐፍ ሞዓባዊቷን ይልካታል፣ ሌላው ሞዓባዊቷን የዳዊት ቅድመ አያት ያደርጋታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ከሚቆጠረው ከተረፈ ባሮክም ተመሳሳይ ሙግት ይገኛል። ተመላሾቹ ዮርዳኖስ ሲደርሱ ከባቢሎን ያገቡትን አንተውም ያሉ ነበሩ። ኢየሩሳሌም አላስገባቻቸውም፤ ወደ ባቢሎን ቢመለሱ ያችም ከለከለቻቸው። ወዲያም ወዲህም ሳይሆኑ ሄደው ሰማርያን ቆረቆሩ። ጌታችን ውኃ አጠጪኝ ብሎ የለመናት ሴት የዚያች አገር ልጅ ነበረች።

በዚያው መጽሐፍ 66 ዓመት የተኛው፣ ሲነቃም በቅርጫቱ ያለችው በለስ እንደ ትኩስ የተገኘችለት አቤሜሌክ ኢትዮጵያዊ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 የምናውቀው ነው፤ ነቢዩን ከጭቃ ጉድጓድ ያወጣው ጃንደረባ። ሠላሳ ሰው ይዞ ሄደ፤ ገመዱ እንዳይልጠው ብሎ አሮጌ ጨርቅ ከቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ፈልጎ በብብትህ ሥር አድርገው አለው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የአቤሜሌክ ማንነት ያለው በዚያች ጨርቅ ላይ ነው። መጽሐፉ አባቱን አይነግረንም፤ ጃንደረባ ነውና ልጅም የለው። ከላይም ከታችም ሐረግ የሌለው ሰው ነው። በኢሳይያስ ምዕራፍ 56 ከልጆች የሚበልጥ ስም የተገባው ለእንዲህ ያሉት ጃንደረቦች ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በመጽሐፍ ያለን ድርሻ ሲነገር ንግሥተ ሳባን እናስቀድማለን። እኔ ዘር አልባውን አቤሜሌክን አስቀድማለሁ።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤተ እስራኤል በሰሜንና በጎንደር ተራሮች ለዘመናት ስግድን ሲያከብሩ ቄሶቹ ከዕዝራና ከነህምያ መጻሕፍት ያነቡ ነበር፤ ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ወጥቶ የተመላሾቹን ታሪክ ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈርደውላቸዋል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓዙ። የረቢው ፍርድ ቢኖርም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቡት የማንጻት ሥርዓት እንዲፈጽሙ ተጠየቁ። ይህን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም በረቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጅ ለሳምንታት ተቀምጠዋል። በየዓመቱ የዕዝራን መዝገብ ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች መዝገባችሁን አምጡ ተባሉ።

እኛም ዘንድ ይኸው አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ወደ 600,000 ሰው አስፍሯል፤ ከወሎ የሄደው ከሁሉም ይበዛል። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል፣ ጋምቤላ ደረሱ። እንደ ኤርምያስ ደብዳቤ ቤት ሠሩ፣ ተከሉ፣ ልጆች ዳሩ። ከዚያ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ፤ ብዙዎቹ የወሎ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የሸሹ ቤተ ሰቦች ወደ ወሎ ተመልሰው በሀብሩ ወረዳ ጃራን በመሰሉ መጠለያዎች ተጠልለዋል። ራሳችንም ብንሆን በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ሌሊት ልጅ አዝለው የወጡ ሰዎች ጎረቤቶች ነን።

ወለጋ ተወልዶ ወሎ «የተመለሰ» ወጣት አስቡ። አያቱ የወጣው ከዚህ ተራራ ነው፤ እርሱ ግን ይህን ተራራ አያውቀውም። የአያቱን ስም ይናገራል፤ አያቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሞተዋል። መታወቂያው የሌላ ክልል ነው፤ ቅሬ፣ ማለት እድር፣ የለውም፤ ሰንበቴ የለውም፤ የንስሐ አባቱ የት እንደ ደረሱ አይታወቅም። እናቱ ብትሞት መቃብሩን ማን ይቆፍርለታል?

አባቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይሉ ነበር፤ በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ የመጣ ሰው አቅኚ አባት ካገኘ ድርሻ ይጠይቃል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሽሮታል፤ ሲሻር ብዙ በደልም አብሮ ተሽሯል፣ እንዲመለስ የምመኘው አይደለም። ሐሳቡ ግን መልካም ነበር፤ መቅረት ርስት አያስነጥቅም የሚል ሐሳብ። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ፣ እርሱም ታስሮ ሳለ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ባሮክም ውሉን በሸክላ ዕቃ አኖረው። የሚሰደድ ሰው መሬት ገዛ! ተመላሹ ማስረጃ እንዳያጣ ከመሰደዱ በፊት የተጻፈለት ውል ነበር። ሰፋሪዎቻችን በ1977 ሲሄዱ ባሮክ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይዤ እወጣለሁ። አንደኛ፣ ልጆቻችሁን ዘር ስታስቆጥሩ ስደቱን አትዝለሉ። «አያትህ በ66 ወይም በ77 ድርቅ ተሰዶ ነበር፣ እንዲህ ያለች ሴት እንጀራ ሰጠችው» ብላችሁ ሴቲቱንም ከነብሔሯ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የበደላችሁን ሰው ልጅ አሳድጉ፤ ላሊበላ አድርጎታል፣ ይቻላል። ሦስተኛው ለቅሬ ኃላፊዎች፣ ለሰበካ ጉባኤና ለንስሐ አባቶች ነው። የዕዝራ ዘመን ሹማምንት ማስረጃ ያጡትን 652 ሰዎች በባቢሎን አልተዉአቸውም፤ በቁጥር ውስጥ አስገቧቸው፣ የጸና ጥያቄ ያለባቸውን ብቻ ለሚመጣ ካህን አቆዩ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከመጠለያ የመጣውን ቤተ ሰብ ስም በያዝነው ወር በመዝገባችሁ አስፍሩ፤ መዋጮውን እስኪችል ታገሡት፤ ሬሳ ሲኖርበት ውጡለት። የሚያጣራ ካህን ሲመጣ ያጣራል። እስከዚያው ግን ይቆጠሩ፣ ይቁረቡ፣ በክብር ይቀበሩ። ይህን ያላደረገ ቅሬ የሰባት ቤት ስም በቃሉ ቢወጣም፣ ዘር መቁጠር ገና አልተማረም።